የነሐሴ ጦስኝ

ሮብ ገበያ፣ ኅዳር 9 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥራነሽ፣

በሰው አገር ያለሽ ልጄ፣ የአምላክ ቸርነት ጋሻ ይሁንሽ። እኔ አጎትሽና እናትሽ አገሬ፣ እህሉን ሳናጭድ ውርጭ እንዳይቀድመን ከመስጋት በቀር ደህና ነን።

ደብዳቤሽን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለእናትሽ አነበብሁላት። ወንድምሽ ደርቤ ሳንባውን ታሞ ከደብረ ማርቆስ ተማሪ ቤት ወደ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት መወሰዱን ሰምተን ነበር። ልቡ እየመታ እንቅልፍ ማጣቱን ግን ገና ካንቺ ሰማን። «ልጆች ሳለን እምዬ የምታፈላልን አበባ ምን ነበር? እንዴትስ ይዘጋጃል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

ጦስኝ ነው። ገበያ ላይ አቧራ ለብሶ የሚሸጠው ሳይሆን ከጮቄ ተራራ፣ ጅብራ ከሚበቅልበት ከፍታ፣ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ የሚወጣው። አበባው ሲፈነዳ፣ ጠዋት ጤዛው ከለቀቀው በኋላ ይለቀማል። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ሽታው ይሄዳል። ጥላ ውስጥ ሰፌድ ላይ ስስ ተደርጎ ሰባት ቀን ይቆይና በቅል ይከደናል። ሲፈለግ ውሃው ፈልቶ ከእሳት ከወረደ በኋላ በሦስት ጣት የሚነሣውን ያህል ይጨመርበታል። ዋናው መክደኑ ነው፤ «እንፋሎቱ ከወጣ መድኃኒቱ ወጣ» ትላለች። ማር ካለ ጠብ ይደረግበታል። ሳል ያለሰልሳል፣ የተነፋ ሆድ ያሳርፋል፣ የደነገጠ ልብ ይመልሳል። አባታችሁ የሞተ ጊዜ አንቺን ያስተኛሽ እሱ ነው፤ ሕፃን ነበርሽ፣ አታስታውሺውም።

አንድ ቅል ሙሉ ልካለች። ያለው የሚባለው ማር ነጋዴ ጎረቤታችን ያደርስልሻል። አንድ ነገር ደግመህ ጻፍ ብላኛለች፦ ጦስኝ ያረጋጋል እንጂ ሳንባ አይጠግንም፤ ልጄ የሐኪሙን መርፌ እንዳይተው።

አጎትሽ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል


አዲስ አበባ፣ ጥር 20 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣

የእርስዎንም የእምዬንም ጉልበት ስሜ ሰላም እላለሁ። በማዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ፤ ለገናና ለጥምቀት ልብስ የሚያሰፋው ሰው በዝቶ ከስፌት መኪናው ሳልነሣ ነው የከረምኩት።

ቅሉ በደህና ደርሷል። ሐኪም ቤት ወስጄ ስከፍተው ደርቤ ክፍል ውስጥ የተኙት ስድስቱም ሕመምተኞች ቀና ቀና አሉ። እሱ በመጀመሪያ ቀን «የአሮጊት ነገር» ብሎ ገፋው። ሐኪሙ ግን አሸተተና፣ ጉዳት የለውም፣ መርፌውን እስካልተወ ድረስ ይጠጣ አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስደርስ አስታማሚዋ በር ላይ ጠብቃ፣ ወንድምሽ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነቃ ነጋ አለችኝ።

እምዬ ሥጋ አውጥቷል ወይ ብላ ለጠየቀችው፣ ፊቱ ደህና ነው። እጆቹ ገና ቀጫጮች ናቸው። ከዚህ በታች ያለው መስመር የራሱ ነው።

ሥራነሽ

«እምዬ፣ አጠገቤ የተኛው የወሎ ሰው ከእናትህ አበባ ካላካፈልኸኝ ብሎ አስቸግሮኛል። ግማሹን ለእሱ እየሰጠሁ ነው፤ እንዳትቆጪኝ። ልጅሽ ደርቤ።»


ሮብ ገበያ፣ መጋቢት 14 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥራነሽ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ። እናትሽ የደርቤን መስመር አምስት ጊዜ አስነበበችኝ። ስለ ወሎው ሰው ስትሰማ፣ ታዲያ ለሁለት የሚበቃ ነው እንጂ መላክ ብላ ለራሷ ሳል ያስቀረችውን ጨምራ ሰጥታኛለች። እሷ አሁን የምትጠጣው የላትም። እንዳትነግራት ብላኝ ነበር፤ ነገርሁሽ።

መምጣት ትፈልጋለች። እስከ ደብረ ማርቆስ በበቅሎ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ብላ አስባ ጨርሳለች። ዕድሜዋ ስድሳን አልፏል፣ ደረቷም ደካማ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ እያልሁ አቆይቻታለሁ። አምጣት ካልሽኝ አመጣታለሁ፣ ተው ካልሽኝ አስቀራታለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን አላነበብሁላትም። ሐኪሙ ምን ይላል? ለእሷ የሚነበበውንና ለእኔ የምትነግሪኝን በሁለት ወረቀት አድርጊው።

አጎትሽ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1962 ዓ.ም.
ለእርስዎ ብቻ

አጎቴ፣ ሰላምታውን በሌላው ወረቀት ጽፌዋለሁ።

ሐኪሙን በረንዳ ላይ አስቁሜ ጠየቅኩት። የቀኙ ሳንባ ከመጀመሪያውም የተጎዳ ነው፤ አሁን ግራውም ተነክቷል። አዲስ መድኃኒት ጀምረውለታል። ተስፋ አለው ወይ አልኩት። «ልጁ እንቅልፍ አግኝቷል፤ እሱን አትንኩበት» አለኝ። ጥያቄዬን አልደገምኩም።

የወሎው ሰው ባለፈው ሳምንት ሞተ። ደርቤ የሰውየው አልጋ ለሌላ ሰው ሲነጠፍ አይቷል። ጦስኙን አፍልቼ ብሰጠው ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ሳይጠጣ እንፋሎቱን ብቻ ሲስብ ቆየ። «ደጃችን ደጃችን ይሸታል» አለኝ።

እምዬን አያምጧት። እንዲህ ሆኖ ካየችው የምናጣው ሁለት ነው።

ሥራነሽ


ሮብ ገበያ፣ ሐምሌ 10 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥራነሽ፣

ክረምቱ በርትቶብናል፤ የእግዚአብሔር ቸርነት አልተለየንም። በሰኔ መጨረሻ የጻፍሽው ደረሰን። ደርቤ ወደ ሌላ ክፍል መዛወሩን፣ ጠያቂ መከልከሉን፣ መንገዱም ጭቃ ነውና ማንም እንዳይመጣ ማለትሽን አነበብሁላት። ሲያበቃ፣ ከታች የልጄ መስመርሳ አለችኝ። ወረቀቱን ገልብጬ አሳየኋት። ፊደል አትለይም፤ ባዶ ወረቀት ግን ታውቃለች።

ጠይቅልኝ ያለችው ይህ ነው። ለምን በእጁ አልጻፈም? ጦስኙ አልቆበት ይሆን? አንቺስ የበላሽውን የሰፋሽውን ሁሉ ትጽፊ የነበርሽው ምነው ደብዳቤሽ እንዲህ አጠረ?

መልሱን አታቆዪባት። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ስታይ ነው የምትውል። እኔ በበኩሌ የምጠይቅሽ የለኝም።

አጎትሽ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 25 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእናቴ ለአገሬ፣ አጎቴ ያንብቡልሽ፣

እምዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ስላስጨነቅኩሽ ይቅር በይኝ። ደርቤ ያልጻፈው መርፌ የሚወጋበት ቀኝ እጁ አብጦበት ነው። ይጎድልለታል ብለዋል። ወደሚቀጥለው ደብዳቤ ራሱ ይጽፋል።

ጦስኙ አዎ አልቋል። ከገበያ ገዝቼ አፍልቼለት ነበር፤ ይሄ ድርቆሽ ነው፣ የእምዬን አምጪልኝ አለኝ። እንቅልፉም እንደገና ሸሽቶታል። አንቺ ግን በዚህ ዝናብ እንዳትወጪ። አበባው በመስከረም ሲፈነዳ ይደርሳል፤ እስከዚያ ይታገሣል።

እኔ ደህና ነኝ። የበላሁት ሽሮ ነው። የሰፋሁት የተማሪ ዩኒፎርም ነው።

ልጅሽ ሥራነሽ


ሮብ ገበያ፣ መስከረም 30 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለልጄ ለሥራነሽ፣

አዲሱን ዓመት የተባረከ ያድርግልሽ፤ ምኞቴ ዘግይቶ ደረሰሽ። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ድልድዩን ውሃ ወስዶት የሚያልፍ ሰው አልነበረም።

ጦስኙ ይኸው። የነሐሴ ነው፤ አበባው ገና እምቡጥ ሳለ የተለቀመ ነው። ፀሐይም ጥላም ስላልነበረ እሳት ዳር ደርቋል። ጢስ ጢስ ቢል አትቀየሚ።

እናትሽ ስለ እጁ ስትሰማ፣ ቀኙ ካበጠ በግራው ይጻፋ ብላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ደረቷን ይዟት ሰንብቶ አሁን ሳሉ ትቷታል፤ ዐርፋለች። ስለዚህ የዛሬውን ብቻዬን ጻፍሁት። ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ነው። ጎረቤታችን ያለው መንገድ ሊጀምር ቸኩሎ ደጅ ቆሟል።

አጎትሽ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣

ይህን ደብዳቤ እምዬ ፊት ከፍተውት ከሆነ አጥፈው ኪስዎ ይክተቱት። ምን ይላል ካለችዎ፣ ገበያ ተወዷል ይላል ይበሏት።

ደርቤ ሞቷል። ሰኔ 17 ቀን ነው። ጠዋት ጦስኙን አፍልቼ ስደርስ ከወትሮው ቀና ብሎ ተቀምጦ ነበር። ሁለት ጊዜ ተጎነጨና «ዛሬ መልካም ነው» አለኝ። ስኒውን አጥቤ ስመለስ አልፏል። የቀበርነው አራት የስፌት ቤት ጓደኞቼና እኔ ነን። ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። አላውቀውም። እህቱ ሆኜ አላውቀውም። እናንተን ጽፌ እንዳልጠይቅ ሞቱን መናገር ሆነብኝ። ቄሱም ያለ ስም ጸለዩለት። እባክዎ ይጻፉልኝ።

መርዶ በወረቀት አይነገርም ብዬ ነው የቆየሁት። ክረምት ነው፣ ዘመድ አይሰበሰብም፣ ደረቷ ደካማ ነው እያልኩ አንዱን ውሸት በሌላው ስደግፍ ይኸው አራት ወር ሆነኝ። እጁ አብጧል ያልኩት ውሸት ነው። ጦስኝ አምጪልኝ አለኝ ያልኩትም ውሸት ነው። ጠጥቶ ጨርሶ ነበር የሞተው። ሌላ አልፈልግም አለ ብል እምዬ ትጠረጥራለች ብዬ ነው።

ያለው የመጣ ዕለት ጥቁር ልብሴን አውልቄ፣ የተቆረጠ ፀጉሬን በሻሽ ሸፍኜ፣ የጎረቤቴን ነጭ ነጠላ ተውሼ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ቤት እንዳይመጣ ብዬ ነው። ሻይ አዘዝኩለት። ቅሉን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም፤ የነቃብኝ መሰለኝ።

«እምዬ እንዴት ናት?» አልኩት።

«ደህና ናት» አለኝ። ቆይቶም «ደርቤስ?» አለ።

«ደህና ነው።»

ሻዩን ሳይነካ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን መዋሸቱ አቃተኝ። ለኅዳር ሚካኤል ዘመድ ሲሰበሰብ ጎህ ሲቀድ ንገሯት። ብቻዋን አትሁን። አጠገቧም ጦስኝ ተፈልቶ ይቀመጥላት፤ ለድንጋጤ የሚሆነውን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እምቢ አትልም።

ሥራነሽ


ሮብ ገበያ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1963 ዓ.ም.
የክርስትና አባቷ ኃይለ ሚካኤልና ያለው ከነገሯት በኋላ ለሥራነሽ የሚሰጥ

ልጄ፣

ይህ እጅሽ ሲገባ አውቀሻል። እናትሽ ነሐሴ 24 ቀን ዐርፋለች። ከአባታችሁ አጠገብ ቀብረናታል፤ የአርባዋንም ተዝካር አውጥተናል። መጥቼ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ፊትሽን ማየት አልደፈርሁም።

እንዴት እንደሆነ ከአገር ሰው ሹክሹክታ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። የሐምሌው ደብዳቤሽ የደረሰን ፍልሰታ ላይ ነበር። አነበብሁላት፤ በመስከረም ይደርሳል ማለትሽንም ነገርኋት። በማግስቱ ኪዳን ላይ አጣኋት። ጎረቤቷ ደስታነሽ ሳይነጋ ስልቻ አንግታ ወደ ጮቄ ስትወጣ አይታታለች፤ ወዴት ነው ብትላት፣ ልጄ እንቅልፍ አጥቷል ብላ አልፋታለች። እህል አልቀመሰችም፤ ጾም ነው። ከላይ በረዶ ያዛት። ወደ ማምሻው ስትመለስ ልብሷ እስከ ገላዋ ርሷል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ጦስኙን ግን በቆዳ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ይዛው ነበርና ጠብታ አልነካውም።

እሳት ዳር ያደረቀችው ራሷ ናት። በሦስተኛው ቀን ደረቷ ይነድ ጀመር። ከዚያው ቆንጥሬ አፍልቼ ባቀርብላት እጄን ያዘችው። «የልጁ ነው፤ አትንካው» አለችኝ። እንደዚያው ሆና ዘጠኝ ቀን ሰነበተች። ስለ ደርቤ የሰማችው ነገር የለም። ይድናል ብላ ነው የሄደችው።

ዐርፋለች ብዬ የጻፍሁልሽ ሰሙን ለአንቺ፣ ወርቁን ለራሴ ነው። ቅኔ ለዚህ አይደለም የተማርሁት። ወንድምሽ ታሞ፣ አንቺ ብቻሽን ሆነሽ፣ ይህን እንዴት እጨምርባታለሁ ብዬ ነበር።

አሁን ሒሳቡን ስታስቢ እኔን ከውስጡ እንዳታወጪኝ። በሰኔው ደብዳቤ የደርቤ መስመር የጎደለ ዕለት ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር፤ የምጠይቅሽ የለኝም ብዬ ጻፍሁልሽ። የሐምሌውንም ሳነብላት «እንቅልፉ ሸሽቶታል» የምትለውን ዘልዬ ማለፍ እችል ነበር። ሠላሳ ዓመት ዜማ ሳስተምር ቃል ዘልዬ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልዘለልሁም።

የወንድምሽ የክርስትና ስም ወልደ ኪዳን ነው። የእናትሽ ወለተ ሰንበት። ለቄሱ ስጫቸው።

አጎትሽ ወልደ ሩፋኤል


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 4 ቀን 1963 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ጎህ ሲቀድ መጡ። በሩን ስከፍት ኃይለ ሚካኤልን ከያለው ጋር ቆመው አየሁና ግቡ ማለት አቃተኝ። እንደዚያው ደጃፍ ላይ እንደቆምን ነገሩኝ። ያለው ከእኔ ይልቅ አለቀሰ። «ያን ቀን አውቶቡስ ተራ ሁለታችንም…» ብሎ ጀመረና መጨረስ አልቻለም።

ስሞቹን ለቄሱ ሰጥቻለሁ። ሐሙስ ሁለቱንም በስማቸው ጠሯቸው።

በኅዳር ሚካኤል ማግስት ደብረ ማርቆስ እደርሳለሁ። ሰው አይቀበለኝ። በቅሎም አያስፈልግም፣ በእግሬ እወጣለሁ። መቃብሯን ሳታሳዩኝ ቤቷ እንዳታስገቡኝ።

ጥፋቱን ሊካፈሉኝ ፈልገዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን የማያውቁት ቀርቷል። የነሐሴውን ጦስኝ የጠጣሁት እኔ ነኝ። ያለው ሲሰጠኝ መጣሉ ነውር ሆነብኝ፣ ለሰው ለመስጠትም ሳሳሁ። ደርቤ ከሞተ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። እሷ ባለችው አድርጌ፣ በሦስት ጣቴ እየቆነጠርኩ፣ እየከደንኩ በየማታው ጠጣሁ። እውነትም ጢስ ጢስ ይላል። በአራተኛው ቀን ሳልነቃ ነጋልኝ። ልቤ መለስ አለ። ሥራ ገባሁ፣ እህል በላሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር ስቄ ሁሉ አውቃለሁ። ቅሉ ሲጋመስ እሷ ካለፈች ሁለት ወር ሊሞላት ነበር። ያን ደብዳቤ ለመጻፍ ድፍረቱን ያገኘሁትም ስለተኛሁ ነው።

ምነው በሻገተ፣ ምነው ባልሠራ እላለሁ። ሠራ አጎቴ።

መርዶውን የሰማሁ ዕለት ጎረቤቶቼ ቤቴ ሞሉ። ደረቴን እየመታሁ ስጮህ አንዲቱ፣ ጽጌ የምትባለው፣ መደርደሪያው ላይ ቅሉን አገኘችው። ከየት እንደመጣ አታውቅም። ይህ ለድንጋጤ ጥሩ ነው ብላ አፈላችና በስኒ አድርጋ አፌ ላይ ያዘችልኝ። ልነግራት አልቻልኩም። ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል።

ጠጣሁት። እንቅልፍም ወሰደኝ።

ሥራነሽ